ሁለት ሺህ ምትና አንድ ጎላ ሐልዋ

ኤዶ ኻድራ መጀመሪያ ክሊኒኩ የመጣችው ጥር አሥራ ሁለት ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። አይ፣ አሥራ ሁለት ሊሆን አይችልም፤ የዚያን ዕለት ሚካኤል ነበር፣ አካሚዋ ግሩምም ታቦት ሲሸኝ ነው የዋለው። እንግዲያው አሥራ ሦስት፣ ማክሰኞ። ወይስ የሚቀጥለው ማክሰኞ? ካርዷን አውጥቶ እንዳያይ፣ ልክ ቀኑ የተጻፈበት ቦታ ላይ ትልቅ የቅቤ ጠብታ አርፎ ቀለሙን አጥቦታል። ስለ ቀኑ ይጠራጠር እንጂ ስለ ቅቤው ጥርጥር የለውም። የሐልዋ ቅቤ ነው።

ጠዋት ነበር፣ የድሬዳዋ ከዚራ ዛፎች ጥላ ገና ሳያጥር። ቢጫ ሻሽ ያሰረች፣ ስድሳን የተጠጋች ሴት በግራ እጇ ቀኝ ክርኗን እንደ ታመመ ሕፃን አቅፋ ገባች። ግሩም ከወንበሩ ተነሣላት።

«አረፍ ይበሉ፣ እናቴ።»

«አቦ! ይበሉ ይቀመጡ አትበለኝ፤ እዚህ ድሬ ነው። ከሸገር የመጣህ መሰልከኝ እኮ።»

«እዚሁ ከዚራ ነው የተወለድኩት።»

«የማን ልጅ?»

«የጉግሳ። ባቡር ጣቢያ ቴሌግራፍ ላይ ይሠራ የነበረው።»

«ጉግሳ ረጅሙ?» ክርኗን ለቀቀችና በታመመው እጇ ጠረጴዛውን መታች፤ ወዲያው «ወይኔ!» ብላ መልሳ አቀፈችው። «ሐልዋ ስቆርጥለት ‹ከዳር አይሁን፣ ከመሃል› የሚለው? እኔ ኻድራ ነኝ እኮ፤ መጋላ፣ የሐልዋ ቤቷ!»

ግሩም ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ግን የሆነ ነገር ቆነጠጠው። አባቱ ቅዳሜ ቅዳሜ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሐልዋ ይዞ ይገባ ነበር። ሐልዋው ሲያልቅ ጋዜጣው ቅቤ ጠጥቶ እንደ መስታወት ስለሚያሳልፍ፣ አባቱ ወደ መስኮቱ ያዞረውና የፊቱንም የጀርባውንም ዜና አንድ ላይ ለማንበብ ይሞክራል። «የዛሬ ዜና ተደባልቋል» ይል ነበር። ግሩም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ ሲማር፣ ከዚያም ሌላ አገር ሌላ ሆስፒታል ሲዞር ሃያ ዓመት አለፈ፤ ሲመለስ አባቱም ጋዜጣውም አልነበሩም። የሐልዋዋ ባለቤት ግን ይኸው ክርኗን ይዛ ፊቱ ተቀምጣለች።

ከተማው ሁሉ ኤዶ ይላታል፤ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው። ኦሮሞውም አማራውም ሐረሪውም ኤዶ ነው የሚላት፤ ሐልዋ ሲያምረው ሁሉም የወንድሟ ልጅ ይሆናል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ለደቻቱ ወንዝ ማዶ ሰው ተድራ ስትመጣ ሻይ እንኳ ማፍላት አታውቅም ነበር። አማቷ ከጎላው ፊት አቁማ ማማሰያውን አስያዘቻትና «ወደ ቀኝ ብቻ፣ እስኪይዝ እንዳታቆሚ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ያህል ወደ ቀኝ ስታማስል ኖረች። ባሏ ሲሞት አማሰለች። በጎርፉ ዓመት ደቻቱ ቤቷ ገብቶ የመዳብ ጎላዋን ሲወስደው፣ እሷ ማማሰያዋን ብቻ ይዛ ጣሪያ ላይ አደረች፤ በሳምንቱ በተዋሰችው ድስት አማሰለች። ሐልዋ ሲሠራ ወደ ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ ስኳሩ፣ ስታርቹ፣ ቅቤውና ሄሉ እየተቀላቀለ ሲከብድ ማማሰያው ጭቃ ውስጥ እንደ ገባ ጎማ እምቢ ይላል። ያን ሁሉ ዓመት የሚገፋው ያ ክንድ ነበር። አሁን ክንዱ እምቢ አለ።

«ስንት ጊዜ ሆነሽ?» አላት ግሩም።

«ስምንት ወር። ወጌሻ አሸኝ፤ ባሰብኝ። የግመል ሞራ ቀባሁ፤ ድመቶች ይከተሉኝ ጀመር። አንዱ ጋ መርፌ ተወጋሁ፤ አንድ ወር እንደ ልጃገረድ ሆንኩ፣ ከዚያ ተመልሶ መጣ፣ እንግዳ አስከትሎ።»

አንድ ወንበር አምጥቶ ክንዷን ዘርግታ፣ መዳፏን ወደ ታች አድርጋ፣ ከመደገፊያው ይዛ እንድታነሣው ነገራት። ወንበሩ አንድ ጣት ያህል ሳይነሣ ፊቷ ተጨማደደ። የክርኗን ውጭ በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርግ፣ ግሩም የማያውቀው የሶማልኛ ቃል አመለጣት። ሃኒ፣ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ፣ ቃሉን ታውቀው ኖሮ ካርዱን አፏ ላይ ደፋች።

«ጅማትሽ ነው» አለ ግሩም። «አጥንትሽ ደህና ነው። የእጅ አንጓሽን ወደ ላይ የሚያነሣው ጡንቻ ክርንሽ ላይ የሚታሰርበት ጅማት ደክሟል።»

«ይድናል?»

«ብዙ ሰው ይሻለዋል። ሁሉም አይደለም። አልዋሽሽም።»

ኤዶ ኻድራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ስማኝ፣ ዶክተር።»

«ዶክተር አይደለሁም፣ ኤዶ፤ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ።»

«እሱን ስም ስጠራ ይመሻል፤ ዶክተር ነህ። ልጄ ኢፍራህ በሸዋል ወር ታገባለች፤ ዒድ በዋለ በሁለተኛው ሳምንት። የሴት ልጅ የሠርግ ሐልዋ በእናቷ እጅ ነው የሚማሰለው። የእኔን ሠርግ ሐልዋ እናቴ አማስላለች፤ የእሷን አያቴ። ወንድ ልጄ አብሺር ደግሞ ከጅቡቲ ሞተር አምጥቷል። ጎላው ላይ የሚገጠም፣ ብቻውን የሚዞር። ‹እማ፣ በቃሽ፤ ሠርጉን በሞተር እንሠራለን› ይለኛል። ጓሮ ሸራ አልብሶ አስቀምጦታል። ማታ ማታ ሳየው አንገቱን ቀና አድርጎ የሚጠብቀኝ ይመስለኛል።» ክርኗን ወደ እሱ ገፋች። «ይሄን እስከ ሸዋል አድርስልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ማሽኑ ካለፈው ዓመት ወዲህ የክሊኒኩ ኩራት ነው። ሾክዌቭ ይባላል። ሃኒ አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል አልብሳዋለች፣ የድሮ ቴሌቪዥን ይመስል። ግሩም ዳንቴሉን ገልጦ የፀጉር ማድረቂያ የሚያህለውን እጀታ ሲያነሣ ኤዶ ኻድራ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ኤሌክትሪክ ነው?»

«ሰውነትሽ ውስጥ የሚገባ ኤሌክትሪክ የለም። ውስጡ ትንሽ ብረት አለች፤ አየር እየገፋት ጫፉን ትመታዋለች፤ ምቱ በቆዳሽ አልፎ ጅማቱ ጋ ይደርሳል። ጅማትሽ መጠገን ጀምሮ መሃል ላይ ሰልችቶት ትቶታል። በሩን እያንኳኳን ‹ሥራህን ጨርስ› እንለዋለን።»

«ስንት ጊዜ ታንኳኳለህ?»

«ዛሬ ሁለት ሺህ ጊዜ።»

«ሁለት ሺህ! እኔ ብሆን በሦስተኛው እከፍት ነበር።»

ታታታታታ ሲል ዓይኗን ጨፍና፣ በግራ እጇ የአልጋውን ጠርዝ ይዛ፣ ለአብሺር፣ ለሞተሩና ለሞተሩ ሻጭ በየተራ ደህና ደህና እርግማን አወረደችላቸው። አሥር ደቂቃ አልሞላም። ሲያበቃ ክርኗን አጠፍ ዘርጋ አድርጋ በጥርጣሬ አየችው።

«አልዳነም።»

«ዛሬ አይድንም። አምስት ማክሰኞ ትመጫለሽ፤ ከዚያ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። የማስታገሻ ኪኒኑን አቁሚ፤ እኛ የምንቀሰቅሰውን እሱ መልሶ ያስተኛብናል። አንድ ኪሎ ስኳር እንደታሸገ በእጅሽ ይዘሽ፣ ክንድሽን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈሽ፣ አንጓሽን ቀስ ብለሽ ወደ ታች አውርጂ፤ አሥራ አምስት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ትንሽ ቢያምሽ ግድ የለም። ለአሁኑ ግን ማማሰል የለም።»

«ኢንሻአላህ» አለች። ግሩም ያኔ ሊጠረጥር ይገባው ነበር። ስትወጣ ከቦርሳዋ በወረቀት የተጠቀለለ ሐልዋ አውጥታ የሃኒ ጠረጴዛ ላይ፣ ልክ ካርዱ ላይ አኖረች። የሚያክማት ሰው ጋ ባዶ እጇን መሄድ ነውር ነው ብላ ነው ያደገችው። ግሩም ቆርሶ ቀመሰ፣ ዓይኑንም ጨፈነ። ከመሃል የተቆረጠ ነበር።

በሁለተኛው ማክሰኞ ጥቅሉን ሲቀበላት ወረቀቱ መዳፉን አሞቀው።

«ኤዶ፣ ትኩስ ነው።»

«ድሬ አይደል? ምን የማይሞቅ አለ?»

«ዛሬ ጠዋት የተሠራ ነው። ማን አማሰለው?»

«አብሺር።»

«አብሺር ትናንት ጅቡቲ ሄዷል አላልሽም?»

ኤዶ ኻድራ ወደ ሃኒ ዞረች። «ይሄ ሰውዬ ሐኪም ነው ወይስ ፖሊስ?»

ግሩም ጥቅሉን ከፍቶ ቀመሰ። እንዳለፈው ነው፤ ምላስ ላይ ሳይፈርስ የሚቀልጥ፣ አንዲት የስኳር ቅንጣት የሌለበት። «ይሄ የቀኝ እጅሽ ሥራ ነው» አላት። «የጉግሳ ልጅ ነኝ፤ አትሸውጂኝም።»

«ወላሂ ትንሿን ጎላ ብቻ ነው» አለችና አንገቷን ደፋች።

በሦስተኛው ማክሰኞ ያመጣችው ሐልዋ ቀዝቃዛ ነበር፤ ግን ጥርስ ሥር ይንኮሻኮሻል። ግሩም ቀና ብሎ አያት።

«የዛሬው ያንቺ አይደለም።»

«የእኔ ነው! በግራዬ አማሰልኩት። አንተ ቀኝሽን አሳርፊ አላልክም? ግራዬ ግን አልተማረም፤ ሳላስበው ወደ ግራ ይዞርብኛል፤ ነቅቼ ወደ ቀኝ ስመልሰው ስኳሩ ተያያዘ።» ከዚያ ሳታስበው ሳቀች። «አቦ፣ አንተ ግን የአባትህን ምላስ ነው የወረስከው። ሰው ሁሉ በልቶ ዝም ብሏል እኮ!»

ግሩም በዚህ ምስጋና ቀኑን ሙሉ ሲንሳፈፍ ዋለ። ማታ ግን ካርዷን ሲያገላብጥ ደስታው ቀዘቀዘ። ሦስት ሳምንት፣ ስድስት ሺህ ምት፤ ወንበሩ ዛሬም አልተነሣም። እሱ የሚጠግነውን እሷ ጎላው ላይ እያፈረሰችው ነው። ለሸዋል የቀረው ጊዜ ደግሞ እያጠረ ነው።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ሰው ጥላውን በሚፈልግበት ጊዜ፣ የደቻቱን ድልድይ ተሻግሮ መጋላ ሰፈር ወረደ። የሐልዋ ቤቷ ጓሮ ጠባብ ነው፤ መሃሉ ላይ ጎላው፣ ጥጉ ላይ ሸራ የለበሰ ነገር። አብሺር፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነው ቀጭን ሰው፣ ሸራው ላይ ተደግፎ ስልኩን ይነካካል።

«እናትህን እስክትድኚ አታማስዪ በልልኝ» አለው ግሩም።

«እኔ የማልለው መስሎህ ነው?» አለ አብሺር። «ሰው ሁሉ አብሺር ሞተር ወዳጅ ነው ይለኛል። ሌሊት ክንዷን ይዛ ስትገላበጥ የምሰማው እኔ ነኝ። ዋሪያ፣ እኔ ሐልዋዋን አልጠላሁም፤ እናቴ እንድትተኛ ነው የፈለግኩት።» ሸራውን ገለጥ አድርጎ አሳየው። «እየው፤ ይሄም ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው። ሞተር ጠጋኝ ጋ ወስጄ አዟዟሩን አስቀይሬዋለሁ። ለእሷ ብዬ።»

ኤዶ ኻድራ በዚህ መሃል ከውስጥ ማማሰያዋን ይዛ ወጣች፤ ቁመቷን የሚያህል፣ ጥቁር፣ በቅቤ የወዛ እንጨት። ግሩም ተቀበላትና በእጁ አገላበጠው። ጫፉ ወፍራም ነው፤ ታቹም ወፍራም ነው፤ የሚያዝበት ቦታ ግን ተቦርቡሮ አውራ ጣት ያህል ቀጥኗል። ሁለት ሴቶች፣ አማትና ምራት፣ በየተራ ስድሳ ሰባ ዓመት ጨብጠው ጨብጠው አመንምነውታል።

«ኤዶ፣ እስቲ እንደምታማስዪ ያዢው።»

ያዘችው። ጣቶቿ ዞረው መዳፏን ነኩ፤ የክንዷ ጡንቻ እንደ ገመድ ተገተረ።

«አየሽ? ቀጭን ነገር አጥብቀሽ ካልያዝሽው ይሽከረከርብሻል። ጅማትሽን የሚበላው ሐልዋው ብቻ አይደለም፤ ይሄ አንገት ነው።»

«ልቁረጠው?» አለ አብሺር።

«ትቆረጣለህ!» አለች እናቱ።

አብሺር ወጣ፤ ከጎረቤቱ ጎማ ሠሪ አሮጌ የባጃጅ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ይዞ ተመለሰ፤ መሬት ቁጭ ብሎ የማማሰያውን አንገት እንደ ቁስል መጠቅለል ጀመረ። እናቱ ከላዩ ቆማ «አጥብቀው፤ ላላ፤ አጥብቀው» ትለዋለች። ሲጨርስ ያዘችው፤ ጣቶቿ መዳፏን አልነኩም።

«ጉማሬ ጨበጥኩ» አለች። ግን አላስቀመጠችውም።

በአራተኛው ማክሰኞ ፓፓያ ይዛ መጣች። ግሩም በሕይወቱ በፓፓያ እንደዚያ ተደስቶ አያውቅም፤ ሐልዋ የለም ማለት ማማሰል የለም ማለት ነው። ሃኒ ግን ለሁለት ቀን አኩርፋ ነበር። በአምስተኛውም ፓፓያ ነበር፤ ወንበሩም በዚያ ቀን አንድ ስንዝር ተነሣ። ኤዶ ኻድራ አንድ ስንዝሩን አይታ ከንፈሯን መጠጠች።

«ይሄው ነው? ለዚህ ነው ያ ሁሉ ምት?»

«ጅማት ይዘገያል፣ ኤዶ። ሥራው ከዚህ በኋላ ነው የሚታየው። ስኳሩን ማንሣትሽን እንዳታቆሚ።»

«ሐልዋም እንደዚያ ነው» አለች። «ሁለት ሰዓት ታማስላለህ፣ ውሃ ነው። ሰው መጥቶ ያይና ‹አልሆነልህም› ይልሃል። ካቆምክ በቃ፤ ካላቆምክ ድንገት ይይዛል።» ተነሥታ ቦርሳዋን አነገተች። «እሺ። አላቆምም።»

ረመዳን ገባ። ግሩም በየሳምንቱ ይደውልላታል። ከኢፍጣር በኋላ ስኳሯን ታነሣለች፤ አንድ ኪሎው ሁለት ሆነ። በረመዳን አጋማሽ በወፍራሙ ማማሰያ ትንሿን ጎላ ሩብ ሰዓት ሞከረች፤ በማግሥቱ ያን ያህል አላመማትም። ከዚያ ግማሽ ሰዓት። ከዚያ ስልክ ማንሣት ተወች፤ የሠርግ ቤት ስልክ ማን ያነሣል! ዒድ አለፈ፤ ሠርጉ ደረሰ። ግሩም ተጠርቶ ነበር፤ የሠርጉ ዕለት ግን ሁርሶ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ተልኮ የሠልጣኞችን ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ሲያይ ዋለ። የሄደችው ሃኒ ናት፤ ተኳኩላ፣ ሁለት ዓይነት ሽቶ ተቀብታ።

ከሠርጉ በኋላ በነበረው ማክሰኞ ኤዶ ኻድራ ሳትጠራ መጣች። እጇ በሂና አጊጧል፤ ውጭ የአብሺር ባጃጅ ላይ ሻንጣ ተጭኗል። ኢፍራህ የምትኖረው ጅቡቲ ስለሆነ እናቷ አብራት ሄዳ አርባ ቀኗን ልታስጨርሳት ነው።

«ቸኩዬ ነው የመጣሁት» አለች። «ያን ወንበርህን አምጣው።»

አመጣላት። ክንዷን ዘረጋች፣ መዳፏን ወደ ታች አደረገች፤ ወንበሩን እስከ ደረቷ አነሣችው። ከዚያም ወንበሩን እንደያዘች ክፍሉን አቋርጣ ሃኒ ጠረጴዛ ላይ ጉብ አደረገችው። ሃኒ አጨበጨበች። ግሩም የክርኗን ውጭ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ፤ የሶማልኛ ቃል አልወጣም።

«ያማል?»

«ትንሽ ያስታውሰኛል። ያማል አይባልም።» ቦርሳዋን ከፍታ ጥቅል አወጣችና መዳፉ ላይ አኖረችለት። «የሠርጉ ነው። ከመሃል ቆርጬ አስቀመጥኩልህ። አንተ ቅመሰውና ፍረድ፤ የሌላውን ሰው ምላስ አላምንም።»

«ቁጭ በይና አብረን እንብላ እንጂ።»

ውጭ ባጃጁ ጡሩምባውን ነፋ። «ኢፍራህ በር ላይ እየጠበቀችኝ ነው» አለች። በቀኝ እጇ ትከሻውን መታ አደረገችው፣ ጠንከር አድርጋ። «አባትህ ቢኖር ይኮራብህ ነበር፣ የጉግሳ ልጅ።» ወጣች።

ግሩም ጥቅሉን ፈታ። በጋዜጣ ነበር የተጠቀለለው፤ አሁን ጋዜጣ ከየት እንዳገኘች እንጃ። ቆረሰ፣ ቀመሰ። ለስላሳ። ሳይፈርስ የሚቀልጥ። «የቀኝ እጇ!» አለ ለሃኒ፣ ዓይኑ እንባ ሊያቀር ምንም አልቀረው። «ቃሏን ጠበቀች። ከሞተር እንዲህ ያለ ነገር አይወጣም።»

ሃኒ የራሷን እየቆረሰች «እኔ እንጃ» አለች። «ሠርጉ ዋዜማ ልረዳቸው ሄጄ፣ ጓሮ የሆነ ነገር እርር ሲል ሰምቻለሁ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ጄኔሬተር ነው ብዬ ነው። ጄኔሬተር ይሆናል አይደል?»

ግሩም ሁለተኛ ቆረሰ። ቀስ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠው። ሦስተኛ ቆረሰ። የስኳር ቅንጣት የለም፤ ወደ ቀኝ የተማሰለ ነው። ሞተሩም ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው። እጇ ይሁን ሞተሩ፣ ምላሱ ሊለይለት አልቻለም።

ጋዜጣውን እንደያዘ ሮጦ ወጣ። ባጃጁ ከዛፎቹ ጥላ ወጥቶ ወደ ደቻቱ መንገድ እየታጠፈ ነበር፤ ከጎኑ በሂና ያጌጠ እጅ ወጥቶ ይውለበለባል።

«ኤዶ! ኤዶ ኻድራ!»

የባጃጁ ድምፅ ዋጠው። እጁ አንዴ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ፤ ባጃጁም ድልድዩን ያዘ።